መሣሪያ ያልታጠቀው አብራሪ፦ ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን



በጀመዓችን የሳይንስ ፕሮግራም ተዘጋጅቶ ስለ በረራ ከተነሳ አንድ ስም አይቀርም፤ የኮርዶባው ዐባስ ኢብን ፊርናስ። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ክንፍ ሠርቶ ከከፍታ ላይ ራሱን ለአየር የሰጠው ያ አሊም ይገባዋል፤ ጨረቃ ላይ ያለ ጎድጓዳ ስፍራ ሳይቀር በስሙ ተሰይሟል። ግን ደጋግመን ስለ ኮርዶባ ስናወራ በሰፈራችን አናት ላይ ሲበር የኖረውን ሰው ረስተነዋል። በዚህ እትም ወደ ቤታችን እንቅረብ ብለናል።

ዘነበወርቅ የምንኖር የጀመዓው ልጆች በየቀኑ በአካባቢው እናልፋለን። ከዘነበወርቅ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ያለው ሰፈር ኦልድ ኤርፖርት ይባላል። የታክሲ ረዳት ስሙን ሲጠራ አውሮፕላን የሚታሰበው ሰው ብዙ አይደለም፤ የሚታሰበን ቪላውና አጥሩ ነው። ነገር ግን ስሙ እውነት ነው። በ1950ዎቹ ቦሌ እስኪከፈት ድረስ የአዲስ አበባ ዋና አውሮፕላን ማረፊያ እዚያ የነበረው የልደታ ሜዳ ነበር። የእኛም ሰፈር ስም ከዚያው ዘመን የመጣ ነው። የሥጋ ደዌ ሕሙማን ይታከሙበት የነበረው፣ ዛሬ አለርት የምንለው ሆስፒታል በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ተሰይሞ ነበርና ስሙ ለሰፈሩ ቀረ። ልዕልቲቱ ኋላ በታሪካችን መሐል ብቅ ትላለች።

የምንጽፍለት ሰው ኮሎኔል ጆን ቻርልስ ሮቢንሰን ነው። ሙስሊም አልነበረም፤ ኢትዮጵያም አልተወለደም። ታዲያ በእኛ ጋዜጣ ምን አገባው የሚል ቢኖር፣ ከመካከላችን መካኒካል፣ ኤሌክትሪካልና ሲቪል የሚያጠናው ብዙ ነው፤ በር ላይ ደርሶ በማንነቱ ምክንያት የተመለሰም አይጠፋም። የዚህ ሰው ታሪክ ደግሞ የሚጀምረው ከአንድ የተዘጋ በር ነው።

ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1903 በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት፣ ካራቤል በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ተወለደ። አባቱን ያጣው ገና ሕፃን ሳለ ነው። እናቱ ልጆቿን ይዛ ወደ ሚሲሲፒ ግዛት ወደ ገልፍፖርት ሄደች፤ እዚያም በባቡር ድርጅት የሚሠራ ሰው አገባችና ልጆቹ በእንጀራ አባታቸው እጅ አደጉ። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ውስጥ ጥቁርና ነጭ በሕግ ተለያይተው ይኖሩ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ለየብቻ፣ የባቡር ወንበሩ ለየብቻ። ሮቢንሰን ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን ያየው በዚያች በገልፍፖርት፣ ወደ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው እንደነበር ይነገራል። ከዚያ ቀን በኋላ ልቡ ከሰማይ አልወረደም። አውሮፕላን ራሱ ከተፈለሰፈ ገና አሥር ዓመት አልሞላውም ነበር።

ቤተሰቡ እንደምንም አጠራቅሞ ወደ ቱስኪጊ ላከው። ቱስኪጊ በአላባማ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1881 ለጥቁሮች የተከፈተ፣ የእጅ ሙያን ከቀለም ጋር የሚያስተምር ተቋም ነው። ሮቢንሰን የመኪና ጥገና ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1924 ጨረሰ። የምስክር ወረቀቱን ይዞ ወደ ገልፍፖርት ተመለሰ፤ በሙያው የሚያሠራው ግን አላገኘም። ይህኛውን ክፍል ለዘንድሮ ተመራቂዎቻችን ማስረዳት አያስፈልገንም። እሱም ብዙዎች እንዳደረጉት ወደ ሰሜን ተሰደደ፤ መጀመሪያ ዲትሮይት፣ ቀጥሎ ቺካጎ። ቺካጎ ላይ ጋራዥ ከፈተ። መኪና ጠጋኝ ሆኖ እንጀራ በላ፤ አውሮፕላኑን ግን አልረሳም።

በቺካጎ ከርቲስ ራይት የሚባል የታወቀ የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ነበር። ጥቁር አይቀበልም። ሮቢንሰን ማመልከቻ አስገባ፤ ተመለሰለት። እንደገና አስገባ፤ እንደገና ተመለሰለት። በኋላ ያደረገው ነገር ነው ስሙን ከሌሎች የለየው፦ በተማሪነት ያልተቀበለው ትምህርት ቤት ውስጥ በፅዳት ሠራተኝነት ተቀጠረ። ትምህርት በሚሰጥበት ሰዓት መጥረጊያውን ይዞ ከክፍሉ ኋላ ይቆያል፤ መምህሩ የሚለውን ያዳምጣል። ተማሪዎቹ ሲወጡ ጥቁር ሰሌዳው ከመጥፋቱ በፊት የተጻፈውን ይገለብጣል። መድረሳ የተማርን ይህን እናውቀዋለን። ኪታብ የሌለው ደረሳ ከሐልቃው ዳር ተቀምጦ የሌላውን ደርስ በጆሮው ይይዛል፤ አንዳንዴም ኪታብ ከያዘው ይልቅ እሱ አጥርቶ ያስታውሳል። ልዩነቱ የእኛ ሸኾች ዳር የተቀመጠውን አለማባረራቸው ነው።

መስማቱ ብቻውን ግን አልበቃውም። ኮርኔሊየስ ኮፊ ከሚባል እንደሱ ጥቁር የመኪና መካኒክ ከሆነ ጓደኛው ጋር አንድ ትንሽ አውሮፕላን በእጃቸው ገጣጠሙ። ሞተሩ የሞተር ሳይክል ሞተር ነበር። እዚህ ላይ እኛ የምሕንድስና ተማሪዎች ቆም ብለን ብናስብ አይከፋም። የክንፍን ማንሻ ኃይል ቀመር በፈተና ወረቀት ላይ እንጽፋለን፤ ፊርማችንን አኑረን እንወጣለን። እነሱ ቀመሩን የጻፉት በሸራና በእንጨት ነው፤ ስህተቱ የሚታረመውም በቀይ እስክሪብቶ አልነበረም። አውሮፕላኑ በረረ። ያንን ያዩ ሰዎች ሮቢንሰንን እንደ ጠራጊ ብቻ ማየት ከበዳቸው፤ ከትምህርት ቤቱ መምህራን አንዱም እንዲገባ ተሟገተለት።

ኮፊ በበኩሉ በኋላ ዘመን ሲያስታውስ የሚጨምረው አለ። በደብዳቤ አመልክተው ተቀባይነት ካገኙ በኋላ በአካል ሲቀርቡ ቆዳቸው ታይቶ እንደተመለሱ፣ አሠሪያቸው የነበረው መኪና ሻጭ ትምህርት ቤቱን እከሳለሁ ብሎ እንዳስፈራራላቸው ተናግሯል። በመጥረጊያም ሆነ በክስ ዛቻ፣ በሩ ተከፈተና ሁለቱም ገብተው ተመረቁ። ትምህርት ቤቱም ሌሎች ጥቁር ተማሪዎችን እንዲቀበልና እነሱ እንዲያስተምሯቸው ተስማማ። እኛን የገረመን ይህ ነው። የገባበትን በር ከኋላው አልዘጋውም። ከዚያ በፊት ቤሲ ኮልማን የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት የአብራሪነት ፈቃድ ለማግኘት ፈረንሳይ ድረስ መሄድ ነበረባት፤ እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። ከሮቢንሰንና ከኮፊ በኋላ የቺካጎ ጥቁር ልጅ ውቅያኖስ መሻገር አላስፈለገውም።

ቀጥሎ የመጣው ችግር መነሻና ማረፊያ ነው። የነጮቹ ሜዳዎች አያሳርፏቸውም። ስለዚህ ከቺካጎ ወጣ ብላ በምትገኘው የጥቁሮች ከተማ በሮቢንስ፣ ድንጋዩን ለቅመው፣ ዛፉን ነቅለው የራሳቸውን ሜዳ አበጁ። ቻሌንጀር የሚባል የአብራሪዎች ማኅበርም አቋቋሙ። ከአባላቱ ሴቶች ነበሩበት፤ ጃኔት ብራግ የምትባለዋ ነርስ ከደመወዟ ለማኅበሩ አውሮፕላን ገዝታለች። ሃንጋራቸውን ግን ነፋስ ጠራርጎ ወሰደው። ተስፋ ቆርጠው አልተበተኑም፤ ወደ ሌላ ሜዳ ተዛወሩ።

እ.ኤ.አ. በ1934 ሮቢንሰን ከተመረቀ 10 ዓመት ሲሞላው፣ ለምሩቃን መሰባሰቢያው ወደ ቱስኪጊ በአውሮፕላን ሄደ። ትምህርት ቤቱ የበረራ ትምህርት እንዲጀምርም ጠየቀ። ገንዘብ የለም ተባለ። ሐሳቡ ግን በዚያው አልቀረም፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስመ ጥር የሆኑት ጥቁር ተዋጊ አብራሪዎች የወጡት ከዚያው ከቱስኪጊ ነው። አንዳንዶች ሮቢንሰንን የእነሱ አባት ይሉታል። በእኛ ግምት አባት ማለት ትንሽ ይበዛል፤ ዘሩን ቀድሞ የበተነ ሰው መሆኑን ግን ማንም አይክደውም።

ያኔ የኢጣሊያ ወረራ ደመና በአገራችን ላይ እያንዣበበ ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ዘመድ የሆኑት መላኩ በያን በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ያጠኑ ነበር። ትምህርታቸው ብቻ አልነበረም ሥራቸው፤ ለኢትዮጵያ ሙያውን የሚሰጥ ጥቁር አሜሪካዊ ይፈልጉ ነበር። የጥቁሮች የዜና ድርጅት መሪ የነበረው ክላውድ ባርኔት ሮቢንሰንን ጠቆማቸው። ግብዣው ከአዲስ አበባ መጣ፤ ሮቢንሰንም ተቀበለ። ጋራዡንና ተማሪዎቹን ትቶ በመርከብ ተሳፈረ። በግንቦት 1927 ዓ.ም. ከጅቡቲ በባቡር አዲስ አበባ ገባ።

ያገኘው አየር ኃይል ምን ይመስል ነበር? የመጀመሪያው የኢትዮጵያ መንግሥት አውሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው፤ ፖቴዝ 25 የሚባል ባለ ሁለት ድርብ ክንፍ ፈረንሳይ ሠራሽ። ከዚያ ዩንከርስና ፎከር ተጨመሩ። የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ ናቸው፤ በ1922 ማብቂያና በ1923 መግቢያ ላይ በሳምንታት ልዩነት ብቻቸውን በረሩ። አስፋው አሊ የሚለውን ስም በትምህርት ቤት መጽሐፎቻችን አንብበነው አናውቅም፤ ሊነበብ ግን ይገባው ነበር። ጦርነቱ ሲጀመር አገሪቱ የነበሯት አውሮፕላኖች ወደ 13 ገደማ ሲሆኑ አብዛኞቹ አሮጌና መሣሪያ የሌላቸው ነበሩ። ኢጣሊያ ያሰለፈችው በመቶዎች የሚቆጠር ነበር።

ሮቢንሰን ሲመጣ አንድ ሌላ ጥቁር አብራሪ ቀድሞት ነበር፤ የትሪኒዳዱ ሁበርት ጁልየን። ጁልየን በዘውድ በዓሉ ዝግጅት ወቅት፣ በ1923 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ ንጉሠ ነገሥቱ የሚወዷትን ትንሽ አውሮፕላን ይዞ ተነስቶ የከሰከሰ ሰው ነው። ከአገር ወጥቶ ጦርነቱ ሲቃረብ ተመልሶ መጣ። ነሐሴ 1927 ላይ ሁለቱ በአዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ተጣሉ፤ ጠቡ እስከ ቡጢ ደረሰ። ጁልየን ከከተማ ወደ አምቦ ተላከ፤ ሮቢንሰን ደግሞ የኮሎኔልነት ማዕረግ ተሰጥቶት የአየር ኃይሉ አዛዥ ሆነ። በውጭ ጋዜጦች ቡናማው ኮንዶር የሚል ስም ወጣለት፤ ኮንዶር ትልቅ አሞራ ነው።

አዛዥ ሆነ ስንል ግን ቡድን እየመራ የጠላትን አውሮፕላን ይጥል ነበር ማለታችን አይደለም። የሚጥልበት አልነበረውም። ሥራው መልእክት ማድረስ፣ መድኃኒት ማመላለስ፣ ሰው ማጓጓዝና የግንባሩን ሁኔታ አይቶ መመለስ ነበር። ከአዲስ አበባ አድዋ በቀጥታ ሲለካ ወደ 570 ኪሎ ሜትር ነው። መልእክተኛ በበቅሎ ሳምንታት የሚፈጅበትን እሱ በሰዓታት ይሄደዋል። ለሠራዊት ይህ ከመትረየስ አያንስም።

ሥራው ምን ያህል ከባድ እንደነበር ለማወቅ ደግሞ ትንሽ ፊዚክስ እንጨምር፤ ሌላ ዲፓርትመንት ያላችሁ ታገሱን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በጥግግቱ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ቀጭን አየር ማለት ክንፉ የሚደገፍበት ነገር አነሰ ማለት ነው፤ ሞተሩም የሚተነፍሰው ስለሚቀንስ ጉልበቱ ይወርዳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ለመነሳት ረጅም ርቀት መንደርደር፣ ከተነሳም በኋላ ቀስ ብሎ መውጣት ግድ ይሆንበታል። ሜዳው ደግሞ ሣርና ጭቃ ነው። ከፊት ያለው ተራራ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በቺካጎ ሜዳ የተማረ አብራሪ እጁ የለመደው ሁሉ እዚህ አይሠራም፤ ከአዲስ መማር አለበት። በዚህ ላይ ነዳጅ እጥረት፣ መለዋወጫ ከባሕር ማዶ። የጋራዥ ትምህርቱ የዳነበት እዚህ ይመስለናል፤ የሚበላሸውን ራሱ ይጠግን ነበርና።

የኢጣሊያ ተዋጊ አውሮፕላን ሲያሳድደው መሸሻው ደመና ነው። ወደ ደመና ይገባል፣ በሸለቆ ውስጥ ዝቅ ብሎ ይሾልካል። ጥይት የማይተኩስ ሰው ከሚተኩስ ጋር በአንድ ሰማይ ላይ ሲገናኝ ያለው ጥበብ ይኸው ነው።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ኢጣሊያ የመረብን ወንዝ ተሻግራ ወረራውን ስትጀምር ሮቢንሰን አድዋ ነበር። ከአዲስ አበባ መልእክት ይዞ ሄዶ ነው። ማለዳ ላይ ከተማይቱ ከአየር ስትደበደብ በዓይኑ አየ። የሞቱት በአብዛኛው ተዋጊዎች አልነበሩም። ይህን ያየውን ለአሜሪካ ወዳጆቹ ጽፎ ላከ፤ የጥቁሮች ጋዜጦችም ከእሱ የሚመጣውን ያትሙ ነበር። በዚያ ዘመን ስለ ጦርነቱ የሚጻፈው አብዛኛው ከአዲስ አበባ ሆቴሎች ስለነበር፣ ከግንባር ደርሶ የተመለሰ ሰው ቃል ዋጋው ሌላ ነበር።

እዚህ ጋ ነው የሰፈራችን ስም የሚመጣው። የምሥራቅ ትግራይ ገዢ የነበሩት ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ የልዕልት ዘነበወርቅ ባል ነበሩ። ልዕልቲቱ ጦርነቱ ሳይጀመር ቀደም ብላ በወጣትነቷ ትግራይ ላይ አረፈች። ጦርነቱ በተጀመረ በቀናት ውስጥ ደጃዝማቹ ከድተው ወደ ኢጣሊያ ገቡ። ያን ያህል የቅርብ ዘመድ ሲከዳ፣ ዘር ትውልዱ ሌላ የሆነ፣ አገሩም ከባሕር ማዶ ያለ አንድ መካኒክ ግን እስከ መጨረሻው ቆየ። ሁለቱን ስናስተያይ ማንን እንደ ባዕድ መቁጠር እንዳለብን ግራ ይገባናል።

ጦርነቱ ሲከፋ ኢጣሊያ የሰናፍጭ ጋዝ ከአውሮፕላን ማርከፍከፍ ጀመረች። ሮቢንሰን የጋዙ መርዝ ደርሶበታል፤ በጥይትም ቆስሏል። አውሮፕላኖቹ አንድ በአንድ አለቁ፤ አንዳንዱ መሬት ላይ ቆሞ ተደበደበ፣ አንዳንዱ ወድቆ ቀረ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ለቀው ሲወጡ የሚበር ነገር አልቀረም ማለት ይቻላል። ሮቢንሰንም በዚያው ሰሞን ወጣ።

ኒው ዮርክና ቺካጎ ሲደርስ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወጥቶ ተቀበለው። ሊናገርም በየከተማው ዞረ፤ ለኢትዮጵያ ገንዘብ አሰባሰበ። ብዙም ሳይቆይ ቺካጎ ውስጥ በስሙ የአቪዬሽን ኮሌጅ ከፈተ። የዓለም ጦርነት ሲመጣ ለመብረር ዕድሜው አልፏል ተባለና በሚሲሲፒ በሚገኝ የአየር ኃይል ጣቢያ የአውሮፕላን መካኒኮችን አስተማረ። ያደገበት አካባቢ ተመልሶ በዚያው በልዩነቱ ሕግ ሥር ሊሠራ ማለት ነው።

ኢትዮጵያ ነፃ ከወጣች በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ እንደገና ጠሩት። እ.ኤ.አ. በ1944 ከጥቂት ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎች ጋር ተመልሶ መጣ። መጀመሪያ ሲመጣ የነበረው ጥድፊያ አሁን የለም፤ የሚተኮስም የለም። ያደረገው የሚያውቀውን ነው፤ ማስተማር። ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን በረራም ጥገናም አስተማረ። ከአብራሪነቱ ይልቅ ይህ ሥራው የሚበልጥ ይመስለናል። አንድ አብራሪ በአንድ ጊዜ አንድ አውሮፕላን ያበርራል፤ መምህር ግን በማያያቸው መሪዎች ላይ ሁሉ እጁ አለበት። በእነዚሁ ዓመታት፣ በ1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተቋቁሞ የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ አደረገ። መነሻው ያው የልደታ ሜዳ ነው።

ቀጥሎ ያለው ክፍል ለጀግና ታሪክ አይመችም፤ ቢሆንም አንዘለውም። መንግሥት አየር ኃይሉን እንዲያደራጁ ስዊድኖችን አመጣ። መሪያቸው ካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን ነበር። ፎን ሮዘን ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም፤ በ1928 ጦርነት የቀይ መስቀል አውሮፕላን ይዞ ቁስለኞች ያመላለሰ ሰው ነው። ሮቢንሰንም በዚያው ጦርነት፣ በዚያው ሰማይ፣ ያንኑ ዓይነት ሥራ ሠርቷል። ሁለቱ መስማማት የነበረባቸው ሰዎች ናቸው። አልተስማሙም። የሮቢንሰን ሥልጣን ለስዊድኖቹ እየተላለፈ ሄደ፤ ቅሬታው አደገ፤ እ.ኤ.አ. በ1947 ሁለቱ ተጣልተው ሮቢንሰን በቡጢ መታው። ታሰረ። በኋላም ከአየር ኃይሉ ወጣ።

ጁልየንንም ፎን ሮዘንንም መምታቱን አይተን፣ ሰውየው ቁጣውን መግታት ይከብደው ነበር ብንል ሐቅ ነው። ሌላውም ሐቅ መነገር አለበት። አገሪቱ ሰው ባጣችበት ቀን ሁለት ሦስት አሮጌ አውሮፕላን ይዞ የቆመላት ሰው፣ ገንዘብና ዘመናዊ መሣሪያ ሲመጣ ወደ ጎን ተገፋ። ዕድሜ ልኩን የሸሸው የቆዳ ጉዳይ እዚህም የተከተለው ሳይመስለው አልቀረም። ስለ ፎን ሮዘን ፍትሕ ለማድረግ ያህል፣ እሱም እስከ መጨረሻው ለሰው የሚበር ሆኖ ኖሯል፤ በ1969 ዓ.ም. ለተቸገሩ እርዳታ ሲያመላልስ ጎዴ ላይ ተገድሎ ሞተ።

ብዙዎቻችን በሮቢንሰን ቦታ ብንሆን ሻንጣችንን አንስተን እንሄድ ነበር። ቺካጎ ስሙ አለ፣ ወዳጆቹ አሉ፣ ኮሌጅ ከፍቶ ያውቃል። እሱ ግን አዲስ አበባ ቀረ። በግል ሥራ እየተዳደረ፣ ሲያስፈልግ እየበረረ ኖረ። ማዕረጉ ቀርቶ ኮሎኔል የሚለው ስም ብቻ በሰው አፍ ተረፈለት።

በመጋቢት 1946 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ጉዳት ለደረሰበት አንድ ወጣት ኢትዮጵያዊ ደም ማድረስ አስፈለገ። መንገዱ በመኪና የሚደረስበት አልነበረም። ሮቢንሰን ዕድሜው 50 አልፎ ነበር። ኤል 5 በምትባል አንድ ሞተርና ሁለት ወንበር ባላት ትንሽ ስቲንሰን አውሮፕላን ለመሄድ ተነሳ፤ በዓለም ጦርነቱ ጊዜ ከአጭር ሜዳ ተነስታ ቁስለኛ ለማውጣት ያገለገለች ዓይነት ናት። ከኋላው ወንበር የተቀመጠው ቢያንኪ ብሩኖ የሚባል ኢጣሊያዊ መሐንዲስ ነበር። በ1928 ከኢጣሊያ አውሮፕላን በደመና ውስጥ ሲሸሽ የነበረው ሰው፣ ከ18 ዓመት በኋላ ከአንድ ኢጣሊያዊ ጋር ሆኖ ለማያውቀው ልጅ ደም ሊያደርስ ይበር ነበር።

አውሮፕላኗ አዲስ አበባ ውስጥ ወድቃ ተቃጠለች። ብሩኖ ሞተ። ሮቢንሰን ክፉኛ ተቃጥሎ ሆስፒታል ገባ፤ ሁለት ሳምንት ያህል ታገለ። መጋቢት 18 ቀን 1946 ዓ.ም. አረፈ። ቀብሩ ላይ እጅግ ብዙ ሕዝብ ተከተለው፤ ያስተማራቸውም ነበሩበት። የተቀበረው እዚሁ አዲስ አበባ ነው።